የጠመዝማዛው ድንጋይ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«አስፋልቱ ሳይመጣ መኪናው ሁሉ በዚያ በጫካው ተራራ ነበር የሚያልፈው» አሉ ሽማግሌው።

«አሁንማ ሣር በቅሎበታል፣ አባቴ። የቤቴን መሠረት ድንጋይ ያመጣሁት ከዚያ ነው።»

«ከየቱ ጋ?»

«ከጠመዝማዛው። ተከምሮ ነው ያገኘሁት፤ መፍለጥ እንኳ አላስፈለገኝም።»

«ከትልቁ ጽድ ሥር?»

«አዎ! ያውቁታል?»

«መንገዱ ሲጠረግ ተራራው የተናደባቸው ሰዎች እዚያ ናቸው። አስከሬናቸው አልወጣም። ያለፈ ያገደመው አንድ አንድ ድንጋይ እያኖረ ‹ነፍስ ይማር› ይል ነበር። ታላቅ ወንድሜም እዚያው ነው።»

«ኧረ በማርያም! ማንም አልነገረኝ እኮ!»

«መንገደኛው ቀረ፤ ማን ይንገርህ?»

«አፍርሼ ልመልሰው?»

«ቤቱ አልቋል?»

«አልቋል። ሚስቴ አራስ ናት፤ እዚያው ተኝታለች።»

ሽማግሌው አማተቡ።

«ተወው፣ አታፍርስ። ስትገባም ስትወጣም ነፍስ ይማር በል። ልጁንም አስተምረው።»

መውረጃዬን ካለፍነው ቆይቷል፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።