ድንጋይ የሞላሁበት ሣጥን

የኢራቅ ሚሳይል መርዝ ጋዝ ይዞ ይመጣል ተብሎ ሰው ሁሉ የጋዝ ጭንብሉን በካርቶን ሣጥን አንጠልጥሎ በሚሄድበት በዚያ የጦርነት ሰሞን፣ እስራኤል አገር ክርያት ሞሼ ሠፈር ውስጥ አምስት ልጆች ሰብስቤ ኳስ መንዳት አስተምር ነበር። ኳሱን የሚያዞሩበት ምልክት ስላልነበረኝ የጭንብል ሣጥኖቻቸውን ደረደርኩላቸው። ኳስ በነካቸው ቁጥር እየወደቁ ሲያስቸግሩኝ፣ ጭንብሎቹን አውጥቼ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩና ሣጥኖቹን ድንጋይ ሞላኋቸው። ብልጥ መሆኔ ነበር!

ሊመሽ ሲል የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደተነገራቸው የየራሳቸውን ሣጥን አንስተው ቅርብ ወዳለው ወደ እትዬ አበራሽ ቤት በረሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እትዬ በላስቲክ የታሸገውን ክፍል ዘግተው ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ወተፉ። ትንሹ አዳነ ሣጥኑን ከፈተና "ጋሼ፣ ድንጋይ ነው እኮ ያለው" አለኝ። ከረጢቱ ሜዳ ላይ ቀርቷል!

"ከወጣህ በሩን አልከፍትልህም፤ የሰው ልጆች ይዣለሁ" አሉኝ እትዬ። ወጣሁ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ሰማዩን ቀና ብዬ ለማየት እንኳ ፈርቼ ነበር። ከረጢቱን አንስቼ ተመልሼ በሩን ብደበድብ አልተከፈተልኝም። "ጭንብሎቹን ይዣለሁ፣ በእግዚአብሔር!" ስል ተከፈተና "ያላ፣ ቶሎ ግባ!" ብለው በኮሌታዬ ጎትተው አስገቡኝ። አምስቱንም አለበስኳቸው።

አደጋው አለፈ ሲባል የአዳነ እናት እየሮጠች መጣች። ልጇን አገላብጣ ስማ ሣጥኑን ስትቀበለው ክንዷ ወደ ታች ወረደ።

"ምነው ይሄ ነገር ከበደኝ?" ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

ከሰማዩ ይልቅ እሷን ፈራኋት።