ከግራሩ ሥር የተቀመጡት እንግዶች

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ለወባ ማጥፊያ ሥራ ከጂንካ ወደ ቆላው ስወርድ፣ የካስኬ ወንዝ ሞልቶ መኪናችን ቱርሚ ላይ ቆመች። ጥላ ፍለጋ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ አቶ መርሻ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ውጭ ሲያጮልቁ አገኘኋቸው።

«ይግቡና ገርበብ ያድርጉት» አሉኝ፣ ዘወር ሳይሉ።

አጠገባቸው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ ዕፀገነት ቆማለች። ሐመርኛ ትችላለች። እኔም በክፍተቱ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከግራር ሥር፣ ሦስት የሐመር ሰዎች በትንንሽ በርጩማዎቻቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጠመንጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። አይነጋገሩም። ዓይናቸው ከሱቁ በር አይነሣም።

«ከቀትር ጀምሮ እንዲሁ ናቸው» አሉ አቶ መርሻ። «አባቴ ለግብር ከብታቸውን ሲነዱባቸው የኖሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሞቱ፤ ቂሙ ለእኔ ተረፈ። ለአብዮት ጥበቃዎቹ ልልክ ነው።»

«ከላኩ ተኩስ ይከፈታል፣ ጋሼ መርሻ» አለች ዕፀገነት። «ከእነዚህ አንዱ ቢወድቅ ከነገ ጀምሮ ውኃ ልቅዳ ብሎ ከከተማ የሚወጣ ሰው አይኖርም።»

«ታዲያ አንገቴን ልስጣቸው? ሰላም የፈለገ ሰው ጠመንጃ ይዞ ይመጣል?»

«ከባንኮኒው ሥር ያለውስ የማን ነው?»

«የእኔ ለጥበቃ ነው።»

«እነሱም ቢጠየቁ ይህንኑ ነው የሚሉት።»

አቶ መርሻ ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው።

«እስቲ ልጠይቅዎት፤ ሰው ቤት ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ?» አለች ዕፀገነት።

«ደጅ ቆሜ ‹ቤቶች› እላለኋ። ሰው የሆነ ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«እኔም መንደራቸው የሄድኩ ዕለት ደጅ ቆሜ ተጣራሁ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሸሹ። ኋላ ያስጠጋችኝ ሴት ነገረችኝ። በእነሱ ወግ እንግዳ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደ ቤቱ ያዞራል፤ የቤቱ ጌታ ውኃ ይዞ እስኪመጣ ዝም ይላል።»

«አታሞኚኝ፣ ልጄ። ለጨው ሲመጡ ቀጥ ብለው ነው የሚገቡት።»

«ለጨው ሲመጡ ወደ ሱቅ ነው። ዛሬ የመጡት ወደ እርስዎ ነው።»

በሙያዬ ትንኝ የት እንደምታርፍ ሳላይ መድኃኒት አልረጭም። ሰዎቹን ግን ገና በሚገባ አላየኋቸውም ነበር። ደግሜ ተመለከትሁ።

«ጣታቸው ከምላጩ የራቀ ነው» አልኋቸው።

«ከተሳሳታችሁስ?»

«አብረንዎት ነው የምንወጣው» አለች ዕፀገነት።

አቶ መርሻ ጠመንጃውን ትተው ውኃ በጣሳ ይዘው ወጡ። ሰዎቹ ሲያዩን ብድግ አሉ። በዕድሜ የሚበልጠው፣ ዳርጌ የሚባለው፣ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ተጎነጨና ለጓደኞቹ አሳለፈ። ከዚያ ተናገረ፤ ዕፀገነትም ተረጐመች።

«ልጄ በትኩሳት ነድዳ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተኝታለች። ብቻችንን ወደ ጤና ጣቢያው ብንሄድ ጠባቂዎቹ ሽፍታ ብለው ይተኩሱብናል። አባትህን እናውቀዋለን፤ ክፉ ሰው ነበር። አንተ ግን ጨው ስትሰፍር አታጭበረብርም። ከፊታችን ሂድልን።»

«ከቀትር ጀምሮ እዚህ ነበረች?» አሉ አቶ መርሻ። ወደ ቁጥቋጦው ቀድመው ሄዱ።

ልጅቷን ተሸክመን፣ እሳቸው ከፊት ሆነው ሄድን። ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ኬላ ላይ ጠመንጃ ተደገነብን።

«ከማን ጋር ነህ?» አላቸው ጠባቂው። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ሰው ያስጠፋ ነበር።

«ከእንግዶቼ ጋር ነኝ። ሕመምተኛ ይዘናል፣ አሳልፉን።»

ጠባቂው ልጅቷን ዝቅ ብሎ አየና መንገድ ለቀቀ። ጤና ረዳቱ ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ወባው ወደ አንጎሏ ይወጣ እንደነበር ነገረን። ዳነች።

አንባቢዬ ሆይ፣ የጎረቤትህን ዝምታ ዛቻ ነው ከማለትህ በፊት፣ በእሱ ቤት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። ከዚያ ወዲህ የአቶ መርሻ ዕቃ ጫኞች በዳርጌ መንደር ያለ ጠባቂ ያድራሉ። የዳርጌ ሰዎችም ሲታመሙ ወደ ጤና ጣቢያው ሳይደበቁ በመንገዱ ይገባሉ። በዓመቱ በዚያ ሳልፍ አቶ መርሻን ፍርሃቱ ለቀቀዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የት ይለቀኛል» አሉኝ። «ግን አሁን ወጥቼ እየጠየቅሁ ነው የምፈራው።»