በሚኒባስ ሞተር ላይ የበሰለ ሎሚ

«በእኛ ጊዜ አማት ምራቷን የምትፈትናት በማባያዋ ነበር» ብዬ ነው ትናንት ጨዋታውን የጀመርኩላቸው፣ ለልጄ ለሰዓዳና ለጎረቤቴ ለአስካለ። ሦስታችንም ሎሚ እየሰነጠቅን ነበር። ባለቤቴ ይማም ካረፈ ወዲህ የእሱን አነጋገር እየቀዳሁ ስስቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ እንዳወራሁት አድርጌ ይኸው ጻፍኩት።

ታዲያ ስሙኝ። የይማም እናት፣ እማማ ሐዋ፣ ኮምቦልቻ ነበሩ የሚኖሩት። ወላሂ ሴት ነበሩ! ጓሯቸው ውስጥ የሎሚ ዛፍ አለ፣ እና ሎሚውን አራት ቦታ ይሰነጥቁና በጨው ይጠቀጥቁታል፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጣል ያደርጉበታል፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ይከቱታል። በቃ፣ ጠብታ ውሃ የለም። ሎሚው በራሱ ጭማቂ ይብላላል፣ ያረፋል፣ ልጣጩ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከጥብስ ጋር ብትሉ፣ ከሽሮ ጋር ብትሉ፣ ምራቅ ያስውጣል። አሁን ራሱ አፌ ውሃ ሞላ፣ አያችሁ?

እና የቤታቸው ልማድ እንዲህ ነው፤ ሙሽራ በገባች ዓመት፣ ለአረፋ በዓል፣ የራሷን ሎሚ ሠርታ ታቀርባለች። ዘመድ ተሰብስቦ ይቀምሳል፣ ይፈርዳል።

እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ ያደግኩ። አባቴ ሞቷል፣ እናቴ ብቻዋን ናት፣ እግሯንም ያማታል። ይማም ደሴና ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳ ነበርና የትም ብናድር ለእሱ ያው ነው፤ ስንጋባ እናቴ አጠገብ ቤት ተከራየን። ታዲያ እማማ ሐዋ ይህን መቼ ወደዱት! አንድ ቀን ሄደን ምሳ እየበላን እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልጃቸውን ያዙት።

«አንተ! ሚስትህን ይዘህ ውረድ እንጂ። ቤት አለኝ፣ ጓሮ አለኝ፣ ምን ጎደለህ? ደሴ ደግሞ አገር ሆኖ! ብርዱ ሎሚ እንኳ አያበስል።»

«ያበስላል» አልኩ እኔ።

ምን አፌን ከፈተው በሉኝ! ሙሽራ እኮ ነኝ፣ አንገቴን ደፍቼ መጉረስ ነበረብኝ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ያበስላል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ለአረፋ አምጪልኝ። ከበሰለ እዚያው ኑሩ፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ጥሬውን ካመጣሽው ግን እቃችሁን ጭናችሁ እዚህ ትወርዳላችሁ። ይማም፣ ሰማህ?»

ይማም ደግሞ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ «እሺ» አይል መሰላችሁ! እሺ አለ፣ ወላሂ።

ሰዓዳ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «አባዬማ ለአያቴ እምቢ ማለት አይችልም ነበር።» እውነቷን ነው። ለእኔም አይችልም ነበር፤ ጣጣችን ከዚያ ነው የመጣው።

ታዲያ ሠራሁ። ሎሚውን ሰነጠቅኩ፣ ጨዉን ጠቀጠቅኩ፣ ጠርሙሱን ሞልቼ ከድኜ አስቀመጥኩ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። የደሴን ጉም ታውቁት የለም? ጠርሙሱ እንደ ድንጋይ ዝም። አንድ አረፋ የለ፣ አንድ ሽታ የለ። ከምድጃው ጎን አስጠጋሁት፣ ዝም። እናቴ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ ዝም። ሎሚውን አውጥቼ ስጫነው እንደ ኳስ ይመልሰኛል። በዓሉ ደግሞ እየቀረበ ነው። እናቴ አየችኝና ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ውረጂ ልጄ። እኔ ከጎረቤት ጋር እኖራለሁ። ለአንድ አሮጊት ብለሽ ትዳርሽን አታውኪ።»

እንግዲህ ያኔ ነው ያለቀስኩት። ይማም ከሥራ ሲገባ ጠርሙሱን አቅፌ ሳለቅስ አገኘኝ።

«አብሽሪ፣ ዘሀራ» አለ። እሱ ሁሌም አብሽሪ፣ አይዞሽ ነው። «በርዶት ነው እንጂ ጤናው ደህና ነው። ነገ ሥራ ይዤው እገባለሁ።»

«ማንን?»

«ሎሚውን።»

የሚኒባስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው፤ ተቀምጣችሁ ስትሄዱ ከታች ይጠብሳችሁ የለም? በማግስቱ ጠርሙሱን በጋቢ ጠቀለለና ከፊት ወንበሩ ኋላ፣ ሙቀቱ ደህና የሆነበት ቦታ ሸጎጠው።

«ይማም፣ ይህ ማታለል አይሆንም?» አልኩት።

«የሚያድረው ደሴ አይደል? ቀን ወጣ ወጣ ቢል ምን አለበት? ሰው እንኳ ይወጣል።»

እና ሎሚው ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ደሴ ይወጣል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከሰው ጋር ሲጋፋ ይውላል። ሳምንት ሳይሞላው ተነሣ! አረፋው ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይወጠራል፣ ካልላላለት ሊፈነዳ ሆነ። ታዲያ ይማም ጫፍ በደረሰ ቁጥር ክዳኑን ላላ ያደርግለታል፣ «ሲስስስ» ይላል፣ መልሶ ይከድነዋል።

አስካለ ሳቀች። «ተሳፋሪው ዝም አለ?»

የት ዝም ይላል! መጀመሪያ «ጎማ ተነፈሰ!» ብለው ተንጫጩ። ይማም ነገሩን ሁሉ ነገራቸው፤ አማት፣ ውርርድ፣ ሎሚ፣ አንድም አላስቀረ። ከዚያ ወዲያ ሎሚው የሁሉም ልጅ ሆነ እላችኋለሁ። ፋብሪካ የምትሠራ አልማዝ የምትባል ነበረች፣ ገና ስትሳፈር «ሎሚያችን እንዴት አደረ?» ነው የምትል። ኮምቦልቻ የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ነበሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የማይስቁ። እሳቸው ደግሞ «ሥጋ ነገር የለበትም አይደል?» ብለው ይጠይቁና ትንሽ ልጣጭ ይቀምሳሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ገና ነው» ይላሉ። ከዚያ መኪናው ሙሉ «ገና ነው!» ይላል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ይማም ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆሞ ሲጭን፣ ማን ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው? እማማ ሐዋ! ጥላቸውን ይዘው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው።

«ሰኞ ገበያ ልወጣ ነው፣ ፊት ልቀመጥ» አሉ። እና ሄደው ልክ ከጠርሙሱ ፊት ቁጭ።

ይማም ማታ መጥቶ ይህን ሲያጫውተኝ ሁሉንም እየሆነ ነው፤ እናቱን ይሆናል፣ ቄሱን ይሆናል፣ ጠርሙሱን ይሆናል። ሐረጎ ላይ ሲደርሱ ለካ ክዳኑን በደንብ አልከደነውም፣ «ሲስስስ!»

«ይማም! ጎማህ ተንፍሷል!»

«የለም እማ፣ ደህና ነው።»

«ሲስስስ!»

«ይኸው! እኔ ደንቆሮ ነኝ? አቁም!»

አልማዝ ማሳል ጀመረች፣ አንዱ መስኮት ይከፍታል ይዘጋል። ይህን ጊዜ ቄሱ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ሆዴ ነው፣ እማማ» አሉ። «ጾም ላይ ነኝ። እንዲህ ይጮህብኛል።»

«ሆድዎ?»

«አዎን። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እማማ ሐዋ ዞረው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው፣ አዩዋቸውና «አላህ ያሽርዎት» ብለው ወደ ፊታቸው ተመለሱ። ቄሱ ሲወርዱ ይማምን ጆሮው ላይ ምን አሉት? «የዚህችን ውሸት ንስሐ አንተ ትገባለህ!»

እኔና ይማም ያን ማታ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልን። ተረፍን አልን።

ግን ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ፣ ሴትዮዋ መመላለስ አመጡ። ዛሬ ለገበያ፣ ነገ ዘመድ ጥየቃ፣ ከነገ ወዲያ «አየሩ ልቤን ደስ ይለዋል» ብለው፤ ደሴ አገር ሆኖ ያሉት ሴትዮ! ሁሌም ፊት፣ ሁሌም እዚያች ቦታ። ደሴ ሲደርሱ ደግሞ የት ይሄዳሉ? ሆጤ፣ እናቴ ዘንድ። እናቴ እግሯን ዘርግታ፣ እሳቸው እያሹላት፣ ሁለቱ ተያይዘው እኛን ሲያሙ ይውላሉ። «አውቀውብን ይሆን?» እለዋለሁ ይማምን። «አብሽሪ» ይለኛል።

አረፋ ደረሰ። ኮምቦልቻ ወረድን፣ እናቴንም ይዘን። በግ ታርዷል፣ ጥብሱ ቀርቧል፣ ዘመድ ጢም ብሏል። ጠርሙሱን ከፈትኩ። የይማም አጎት አባ ሙሄ ቀድመው አነሡ፣ አላመጡ፣ አላመጡ፣

«ማሻአላህ! ቅቤ ነው!» አሉ።

ሁሉም ተሻማ። አንዷ የይማም አክስት ቀመሰችና «ሙሽሪት፣ ዝንጅብሉ እንዴት ደስ ይላል! ትኩሱን ነው የምትጨምሪው?» አለችኝ።

«ዝንጅብል እንኳ አልገባበትም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ አልጨመርኩም።

«እንዴት አልገባበትም!» አሉ እማማ ሐዋ ከወዲያ። «እኔው ራሴ በእጄ ልጬ…»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አባ ሙሄ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። «ሐዋ፣ የደሴዋን ሎሚ አንቺ የት አገኘሽው?»

እንግዲህ ምን ያድርጉ፣ ተናገሩ። ያን ቀን ሐረጎ ላይ ነው ያወቁት። «ዕድሜዬን ሙሉ ሎሚ ሳበላላ ኖሬ የጎማና የሎሚ ትንፋሽ አልለይም? ቄሱ ደግሞ ሆዴ ነው ይሉኛል! በዚያ ቅጥነታቸው!» ይማም ክፍያ ሊቀበል፣ ጎማ ሊያይ በወረደ ቁጥር ለካ እሳቸው ክዳኑን ያላላሉ፣ ዝንጅብል ይጨምራሉ፣ በማንኪያ ይጫኑታል። ተሳፋሪው ሁሉ ያያል፤ «ለልጄ የነገረ ወየውለት!» ብለዋቸው አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አልማዝ ማንኪያዋን ታውሳቸው ነበር!

አባ ሙሄ ጭናቸውን መቱ። «ታዲያማ ረትተሻል! ደሴ አላበሰለውም፣ አታለውሻል። እቃቸውን ጭነው ይውረዱ!»

እናቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። ይማም እኔን አየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሽሪ አላለኝም። እማማ ሐዋ አንድ ቁራጭ ሎሚ አነሡ፣ ጎረሱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«አይወርዱም» አሉ።

«ምን?»

«አይወርዱም አልኩ። በስሏል፣ እዚያው ይኑሩ። እነሱ ወደዚህ ቢመጡ እኔ በምን ሰበብ ደሴ እወጣለሁ? እቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ? ስንት ዓመት ከሰው ሳልጫወት ኖርኩ፤ አሁን መኪናው ሙሉ ወዳጅ አግኝቼ!» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «ደግሞ የዚችን እግር ማን ያሽላታል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ትስቅ ታለቅስ አላውቅም፤ ነጠላዋ ውስጥ ገብታለች። ይማም ትንሽ ነፍስ ሲዘራ፣ ያ ቀልደኛ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እንግዲያው እማ፣ እስካሁን በነፃ ነው የተመላለስሽው፤ ከነገ ጀምሮ እንደ ሰው ሒሳብሽን ትከፍያለሽ።»

«ሒሳብ?» አሉ እማማ ሐዋ። «ዘጠኝ ወር በሆዴ ተሳፍረህ ስትሄድ አንተ ከፍለህ ነበር የወረድከው?»

ይማም ለመልስ የማያንስ ሰው ነበር፤ ግን እስኪሞት ድረስ ይህችን ነገር ባነሣሁበት ቁጥር «ተይኝ እስቲ» ይለኝ ነበር።

ሰዓዳ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። አስካለ እጇ ጨው ስለሆነ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣

«እውነታቸውን ነው እኮ!» አለች። «እስቲ ማን ከፍሎ ወርዶ ያውቃል?»