ናስ ሆኖ ስለተገኘው ጥፍጥፍ ብር፣ መጋረጃ ሰፊዋ የሰጡት ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈራቸው «እትዬ መጋረጃ» (የመታወቂያ ስማቸው በመዝገቡ ሽፋን ላይ ተመልክቷል)
ዕድሜ፦ ሃምሳ ስምንት ዓመት
ሥራ፦ መጋረጃ ስፌት
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማዞሪያው በላይ፣ ጸጉር ቤቱ ያለበት ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ በስተግራ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር በዚህ ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ በዓይኔ ያየሁትን፣ ዓይኔ ያልደረሰበትን ደግሞ በጆሮዬ የሰማሁትን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። ቁልቁለት ባየ ቁጥር ፍሬን እየያዘ ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ ስለሚያስመርር የወጣለት ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ሳይገጭ፣ ማንም ሳይገጨው ከመንገድ የወረደ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ወገቡ እምቢ ሲለው መኪናውን ሸጠ። በዚያው ሰሞን እኔም በሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ እንደወጣብኝ ሐኪም ነገረኝ። ሞራው እስኪበስል ጥቂት ወራት ጠብቀን በቀዶ ሕክምና እንዲነሳልኝ ተስማማን። ስፌቱን እስከዚያ በእጄ እየዳሰስኩ መሥራቱን ቀጠልኩ።

የመኪናው ገንዘብ እስከ ሕክምናው ድረስ መቀመጥ ነበረበት። ባለቤቴ ግን ገንዘብ ሲቀመጥ ይሟሟል ብሎ መጨነቅ ጀመረ። ማታ ማታ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይቆይ ነበር። በመጨረሻም «ብር ለክፉ ቀን» የሚባል፣ ጥፍጥፍ ብር የሚሸጥበት ገጽ አገኘሁ አለኝ። ፎቶውን እያስጠጋ «እይው እስቲ፣ እይው» ይለኛል። እኔ የሚታየኝ ነጭ ነገር ብቻ ነው። «ያምራል» አልኩት። ምን ልበለው?

ሻጩ ዕቃውን ይዞ ቤታችን የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በድምፁ ዕድሜው ከሠላሳ የማይዘል የሚመስል፣ ለስላሳ ሰው ነው። ባለቤቴን «አባቴ»፣ እኔን «እናቴ» እያለ ገባ። ስፌቴን አደነቀ። ዓይኔን አይቶ፣ የእሱም እናት እንደዚሁ ሆነው እንደነበርና ተሠርተው አሁን መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገቡ አጫወተኝ። የኮቱ ቁልፍ መንጠልጠሉን ሲነግረኝ ቁጭ በል ብዬ እየዳሰስኩ ተከልኩለት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። ማግኔት አውጥቶ አስጠጋ፣ አልያዘም። ሚዛን አውጥቶ መዘነ። ከዚያ ከጥፍጥፎቹ ሁለቱን እርስ በርስ አጋጨና «ስሙት እናቴ፣ ብር ሲናገር እንዲህ ነው» አለኝ። በእርግጥም ድምፁ ደስ ይል ነበር። ባለቤቴ ገንዘቡን ሰጠው። ዕድሜ ልኩን ፍሬን ሲይዝ የኖረ ሰው ያን ቀን እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ።

ጥፍጥፎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመኪናው በተረፈው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ታች ያለው ጸጉር አስተካካይ ወሬውን ሰምቶ «ጋሼ፣ ብር በብር ገዝተው መጡ አሉ? ታዲያ ትርፉ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ሲቀልድበት ባለቤቴ ከልቡ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የሕክምናው ቀጠሮ ሲደርስ አንዱን ጥፍጥፍ ይዘን፣ ገበያው ጀርባ ወዳለ አንጥረኛ አብረን ሄድን። አንጥረኛው ተቀብሎ ጥቂት አገላበጠው። ከዚያ ሞረድ አንስቶ ጠርዙን ሲሞርደው ይሰማኛል። ሞረዱን ሲያቆም «ምን ሆነ?» አልኩ።

«እናቴ፣ ውስጡ ቢጫ ነው» አለ። «ናስ ነው። ላዩን ብር ቀብተውታል።»

ባለቤቴ «እጠበው እስቲ፣ ቆሽሾ ይሆናል» አለው።

አንጥረኛው አልሳቀም። «አባቴ፣ ይሄ የሚታጠብ አይደለም» አለና የሞረደበትን ዋጋ እንኳ ሳይቀበለን ዕቃውን በእጁ አስያዘው። ባለቤቴ ከሱቁ ወጥቶ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመ። ክንዱን ያዝኩት። ወደ ሻጩ ስልክ ደወለ፣ ዝግ ነው። ገጹን ፈለገ፣ ጠፍቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ሆነብን።

ለፖሊስ እናመልክት ብዬ ነገርኩት። «ሄጄ ምን ልበል? በዚህ ሽበቴ እናቴ አባቴ እያለ አንድ ጎረምሳ አሞኘኝ ልበል?» ብሎ እምቢ አለ። ለሐኪም ቤቱም ደውሎ ሌላ አገር ልንሄድ ነው ብሎ ቀጠሮዬን ሰረዘ። አልተቆጣሁትም። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። እሱ ከዚያ ወዲያ እህል ሲቀርብለት ይነካካዋል እንጂ አይበላም፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ቅስሙ ተሰብሮ ነበር። እኔም ሥራዬን እሠራለሁ፣ አበስላለሁ፣ እሱን ብላ እላለሁ፣ ደግሞ በማግስቱ እንደዚያው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ባለቤቴን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አገኘሁት። ተመስገን፣ ተሻለው ብዬ ነበር። ረፋዱ ላይ በረንዳ ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «በእጅሽ ይዘሽ ታይዋለሽ ልጄ። ማግኔት እንኳ አይዘውም» ይላል። የያዝኩትን ጨርቅ አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ስልኩን ሲዘጋ «ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ዝም በይ አንቺ» አለኝ። «እኔ አልሠራሁትም። የሰጡኝን ነው የምሰጠው።»

ለገዛ ልጁ የሚነግር ያህል በእርጋታ ነው የተናገረው። ያን ቀንም ሆነ በማግስቱ ምንም አላልኩትም። ያደርገዋል ብዬ አላመንኩም ነበር።

ገዢዋ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣች። ነርስ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ልብሷ የሐኪም ቤት መድኃኒት ይሸታል። ተቀምጣ ስትጫወት፣ ከእህቷ ጋር ትንሽ መድኃኒት ቤት ለመክፈት እንደሚያጠራቅሙ ነገረችን። ሌላም የሚሸጥ ሰው በስልክ አግኝታ እንደነበር፣ ነገር ግን ባለቤቴ ዋጋውን ስላሻሻለላትና ትልቅ ሰው በመሆኑ እሱን እንደመረጠች ተናገረች። እኔ መጋረጃ እየተኮስኩ ነበር። ካልተሞረዱት ጥፍጥፎች ሁለቱን እርስ በርስ ሲያጋጫቸው ሰማሁ። ቀጥሎም «ስሚው ልጄ፣ ብር ሲናገር እንዲህ ነው» አላት።

የዚያን ሰውዬ ቃል ነው። ካውያውን አቁሜ «ልጄ፣ አትግዢ። ናስ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። «አንቺ ሴትዮ! ለዓይንሽ እኮ ነው! ለማን መሰለሽ?» ብሎ ጮኸ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን በሰው ፊት ጮኾብኝ አያውቅም።

«በሷ ላብ የተገለጠ ዓይን ምን ሊያይልኝ ነው?» አልኩት። ሌላ የተናገርኩት ነገር የለም።

ነርሷ ቦርሳዋን ስትዘጋ ሰማሁ። ትሰድበናለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «አባቴ፣ እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው» ብቻ ብላ ወጣች። ባለቤቴ ተመልሶ ሲቀመጥ ሰማሁ። እኔ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወደ ደረጃው ተከተልኳት። ይቅርታ እንድታደርግልን፣ እኛም ተታልለን እንደሆነ ከደረጃው አናት ላይ ሆኜ ነገርኳት። ወርዳ ሄደች ብዬ ስመለስ ከኋላዬ ተመልሳ ስትወጣ ሰማሁ።

«የሸጠላችሁ ሰው ድምፁ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ፣ ያ ሌላ ሻጭ የላከላትን የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። «እህቴ፣ ስሚው፣ ብር ሲናገር እንዲህ ነው» የሚል ነው። ገጹ ስሙን ቀይሯል፤ ስልኩም ሌላ ነው። ድምፁ ግን ራሱ ነው። ከእሷ ጋር ጥፍጥፎቹን ይዘን በዚያው ወደዚህ ጣቢያ መጥተን አመለከትን። ባለቤቴ አብሮን አልመጣም። ነርሷ በፖሊስ ምክር የምትገዛ መስላ ሻጩን ቀጠረችው፤ በሐኪም ቤቱ በር አጠገብም ከእነዕቃው ተያዘ።

ባለፈው ዓርብ ተጠርጣሪውን ለመለየት ተጠርቼ ነበር። ዓይኔ የሰው መልክ ስለማይለይ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የተለያዩ ሰዎች ሲናገሩ እንድሰማ ተደረገ። ተጠርጣሪውን አፉን እንደከፈተ ለየሁት። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አይቶኝ «እናቴ፣ እኔም ተሸጦልኝ ነው። ኪሳራዬን ላወጣ ብዬ ነው» አለኝ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ እሱን መለየት የፖሊስ ሥራ ነው። በልቤ የሌባ ዓይነ ደረቅ ብዬው ነበር። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ግን ባለቤቴን አሰብኩ። ያ ሰው እዚህ የደረሰው እንደኛ ካለ ቤት ተነስቶ ቢሆንስ? አላውቅም። ደክሞኝ ስለነበር ብዙ አላሰብኩበትም።

ባለቤቴ ዕቃው ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ ነው ወይ ለነርሷ ሊሸጥ የነበረው ተብዬ ተጠይቄ፣ ውሃ እንዲሰጠኝ ለምኜ ከጠጣሁ በኋላ፦ አዎ፣ ያውቅ ነበር ብያለሁ። ይህን የምለው ጠልቼው አይደለም። ስለ ሌላው ሰው እውነት ተናግሬ ስለ ባሌ ብዋሽ፣ ስለ ሌላው የተናገርኩት ምን ዋጋ አለው?

ዛሬ ጠዋት ለምስክርነት ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ አልተነጋገርንም። «የኔንም ትናገሪያለሽ?» አለኝ።

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ» አልኩት።

ኮቱን ከመስቀያው አወረደ። «እንግዲያው አንድ ላይ እንሂድ። ከአንቺ ሰምተው ከሚጠሩኝ ራሴ ልንገራቸው» አለ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዞኝ ነበር። አሁን ይህን ቃል ስሰጥ እሱ በሚቀጥለው ክፍል የራሱን ቃል እየሰጠ ነው። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ምን እንደሚፈረድበትም አላውቅም። የመጣው ግን በገዛ እግሩ ነው፣ ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ ዓይኔ ተጠይቄ፦ ነርሷ በምትሠራበት ሐኪም ቤት በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራበት ወረፋ እንዳለ ነግራኝ አስመዝግባኛለች። ወረፋው ረጅም ነው። እጠብቃለሁ።

በመጨረሻም ጥፍጥፎቹ ማስረጃ በመሆናቸው፣ መዝገቡ ሲዘጋ ጠይቀን ልንወስዳቸው እንደምንችል በመርማሪው ተነግሮኝ አልፈልግም ብያለሁ። ቢጣሉ የሚያነሳቸው አይጠፋም፤ ያነሳቸው ይሸጣቸዋል፤ የገዛቸውም እንደኛ አንድ ቀን ወደ አንጥረኛ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዳቸው መሃል ለመሃል ተሰንጥቀው፣ ሆዳቸው ለማንም እንዲታይ ተደርጎ እንዲቀመጡ እጠይቃለሁ።

ይህ የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል። እኔ የተናገርኩት መሆኑን ሰምቼ አረጋግጫለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ለማንም ብዬ የጨመርኩት፣ ለማንም ብዬ ያስቀረሁት የለም። መርማሪው ጣቴን ይዞ ባሳየኝ ቦታ ላይ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________