ወይዘሮ ፋሲካ እንየውና ሁለቱ መደርደሪያዎች

ከደሴም ከኮምቦልቻም መጥታችሁ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥም ከቅጥሩ ውጭም የቆማችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ፋሲካ እንየው ወሬ ሲረዝም የማይወዱ ሰው ነበሩና፣ የሕይወታቸውን ነገር እንደ ፈቃዳቸው አሳጥረን እናሰማችኋለን።

ወይዘሮ ፋሲካ ከአባታቸው ከአቶ እንየው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አግማስ ይመር በ1947 ዓ.ም. በደሴ ዙሪያ ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ ደሴ አክስታቸው ዘንድ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ በሒሳብ ብርቱ፣ በክርክር ደግሞ ከዚያም የበረቱ እንደነበሩ አብሮ አደጎቻቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ይናገራሉ። በ1967 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩትን አቶ ምንይሉ በላይን አግብተው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎጆ ቀልሰው፣ ሰላምንና ምስጋናውን ወለዱ።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ወይዘሮ ፋሲካ ለሰርግና ለለቅሶ ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ ማከራየት ቢጀምሩም፣ በከተማው ዕቃ የሚያከራየው ብዙ ስለነበር ደንበኛው ሁሉ ወደ ትልልቆቹ እየሄደ የእርሳቸው ድስት አቧራ ለበሰ። በዚህ መካከል ግን አንድ ነገር ሲከነክናቸው ከረመ፤ በክርስቲያን ሰርግ ሙስሊም ጎረቤት፣ በሙስሊም ሰርግ ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ ሲጨፍር ውሎ፣ የራሱ ወገን ያረደው ሥጋ በተለየ ዕቃ ስላልተሠራለት፣ ለስላሳውን ጠጥቶ ሆዱ ባዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት መደርደሪያ አሠርተው ዕቃውን ለሁለት ለዩት፤ የሙስሊሙን መደርደሪያ የሚያጥቡትም የሚቆልፉትም የትርፉ ተካፋይ የሆኑት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጣይባ መሕሙድ ነበሩ። ሌሎቹ አከራዮች ድስት ሃይማኖት አለው ወይ እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ እርሳቸው ከማንም ጋር በብዛት መፎካከሩን ትተው ሁለት እምነት የሚገናኝበትን ድግስ ብቻ ያዙ። በወሎ ምድር እንዲህ ያልሆነ ድግስ ከየት ይገኛል! ትርፉም መጣ፤ ቤት ሠሩበት፣ ልጆቻቸውን አስተማሩበት።

በ2004 ዓ.ም. ጥር፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በተደራረበበት ጊዜ፣ ወይዘሮ ጣይባ ለለቅሶ ቢስቲማ ሄደው ስለነበር ወይዘሮ ፋሲካ የሁለቱንም መደርደሪያ ዕቃ ብቻቸውን ለይተው፣ በአቶ ምንይሉ መኪና ጭነው በኮምቦልቻ ሐጂ ጁነይድ ልጃቸውን ወደሚድሩበት ቤት ወረዱ። እንግዳው እጁን ሲታጠብ፣ የሙስሊሙ ወጥ የበሰለበት አንዱ ድስት ጆሮው የተበየደ መሆኑን አይተው ክው አሉ፤ የክርስቲያኑ መደርደሪያ ድስት ነበር። ከእርሳቸው በቀር ያወቀ አልነበረም። ሲነግሯቸው አቶ ምንይሉ ይህ ነገር ከተሰማ እንጀራችን ተዘጋ ብለው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። እርሳቸው ግን በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው ሁሉን ተናገሩ። ያ ወጥ ለክርስቲያኑም አልሆነም፤ ድስቱ የክርስቲያን ቢሆን ሥጋው የእስላም ነዋ! ለውሻ ተደፋ። በራሳቸው ገንዘብ በጎች ተገዝተው እስኪታረዱና እስኪሠሩ እንግዳው እስከ ዐሥር ሰዓት ጠበቀ፤ ሐጂ ጁነይድም እጅግ ተቆጡ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ወይዘሮ ፋሲካ መንገዱን ሁሉ እያለቀሱ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በራቸውን ያንኳኳ ሙስሊም አልነበረም። በመጨረሻ ደሴ ድረስ ወጥተው የመጡት ራሳቸው ሐጂ ጁነይድ ሲሆኑ፣ እርስዎ ዝም ቢሉ ኖሮ በልተን ነበር፣ እንግዲህ ሌላ ማንን እንመን ብለው ለታናሽ ልጃቸው ኒካህ ዕቃ ያዙ። ሥራውም ከዚያ ወዲህ ከቀድሞው ሰፋ።

ወይዘሮ ፋሲካ ባደረባቸው የስኳር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ትናንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሱትን እህታቸውን ወይዘሮ ጣይባን ትተው ሄደዋል፤ እህታቸው ማለታችን በስህተት አይደለም።

ከቀብር በኋላ በድንኳኑ፣ በሁለቱም መደርደሪያ ዕቃ፣ ለሁላችሁም ምሳ ተዘጋጅቷል። ከትናንት ጀምሮ ለቅሶ ደራሽ ሲገባና ሲበላ ቆይቷል፤ ድስቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። የሁላችን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ አሜን።