ቀበቶ የሌለው የጋሽ ተስፋይ መኪና

ጋሽ ተስፋይ ለልጄ የክርስትና አባት ሊሆኑልኝ ነበር። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እዚህ በሰው አገር፣ ላክ በሚባለው ሰፈር በተከራዩት ጋራዥ አንድ ባለ ትልቅ ሞተር የድሮ የአሜሪካ መኪና ሲያድሱ ኖረዋል። "ልጁን ለክርስትና የምወስደው በዚህ ነው" አሉ። እኔ ሳየው ከኋላ ቀበቶ የለውም። የልጅ ወንበሩን በምን ልሰረው? ባሌ "ተይ፣ ይቀየማሉ" አለኝ። እኔ ግን አልተውኩም። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያለ ቀበቶ ልጄን አላስገባውም" አልኳቸው። "ልጄ፣ ይሄ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። አንዲት ቀዳዳ አልጨመርኩበትም" ብለው ወደ ሞተራቸው ዞሩ። በቃ ተቀየሙኝ አልኩ።

የክርስትናው ዕለት ጠዋት በር ላይ ክላክስ ሰማሁ። ለካ የመኪናውን ወለል በስተው አዲስ ቀበቶ ገጥመውበታል። "ነይ ጎትቺው" አሉኝ። በሁለት እጄ፣ እግሬን ደግፌ ጎተትኩት። መኪናው ተወዛወዘ እንጂ ቀበቶው ንቅንቅ አላለም። "አሁንስ?" "አሁን እሺ" አልኩና ልጄን አስሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ሰፈሩን ያናውጠዋል፣ እኛ ግን አንሄድም ማለት ይቻላል። በሳይክል የሚሄዱ አሮጊቶች ሳይቀሩ ቀደሙን። "ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ እንጂ፣ ቄሱ ይጠብቁናል" ብላቸው፣ በመስታወቱ ልጁን እያዩ "ተይኝ፣ ልጅ ይዣለሁ" አሉኝ።