ልጆቹ ሲተኙ መሄድ

(ካምፓላ፣ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ፤ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ሦስት ወር በበጎ ፈቃድ ስታገለግል የቆየችው የደሴዋ ትርሲት ሻንጣዋን አዘጋጅታለች፤ በቤቱ አሥራ አራት ዓመት ሞግዚት ሆነው የኖሩት የአገሯ ሰው እትዬ አልጋነሽ ደግሞ አንሶላ እያጠፉ የመኝታ ክፍሉን በር ዘግተውባታል።)

ትርሲት፦ አምስት ደቂቃ ብቻ እትዬ! ትንሿን ኪሳቼን ቀስቅሼ፣ ጉንጯን ስሜያት፣ «ደህና ሁኚ» ብያት እወጣለሁ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ባለፈው ወር የሄደው ጀርመናዊም አምስት ደቂቃ ነበር ያለኝ። እንቢ ስለው እዚች በረንዳ ላይ ተንሰቀሰቀልኝ። ያንን የሚያህል ሰውዬ መሐረብ አቀበልኩት!

ትርሲት፦ እኔ አላለቅስም።

እትዬ አልጋነሽ፦ አፍንጫሽ ከጠዋት ጀምሮ ቀልቷል ልጄ። ይልቅ ነይ የዚህን አንሶላ ጫፍ ያዢልኝ።

ትርሲት፦ ታክሲ እየጠበቀኝ አንሶላ?

እትዬ አልጋነሽ፦ እጅሽ ሥራ ከያዘ በሩን አትከፍችም ብዬ ነው።

ትርሲት፦ ሳልሰናበታት ብወጣ ራሴን እንደ ሌባ ነው የምቆጥረው።

እትዬ አልጋነሽ፦ ቁጠሪ! ስንቱ ሌባ በዚህ በር ወጥቷል። በጎ ፈቃደኛ የሚሄደው ልጆቹ ሲተኙ ነው፤ የቤቱ ደንብ ነው። ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

ትርሲት፦ ምን የሚሉት ደንብ ነው?

እትዬ አልጋነሽ፦ ድሮማ ኬክ ቆርሰን፣ ፎቶ ተነስተን ነበር የምንሸኘው። አንድ ቀን አንዷ ልጅ የምትሄደውን ሴትዮ ቀሚስ ጨምድዳ አለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ ትርሲት። ሴትዮዋ አገሯ ገባች፤ ልጅቷ አራት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔንም ዓመት ሙሉ እጄን አትይዘኝም ነበር።

ትርሲት፦ ይቅርታ እትዬ። አላወቅኩም።

እትዬ አልጋነሽ፦ ከየት ታውቂዋለሽ? ይልቅ አምላክን አመስግኚ። ያቺ በቀን እንቅልፍ የማታውቅ ኪሳቼ እንኳ ዛሬ ለጥ ብላ ተኝታልሻለች።

ትርሲት፦ አምላክ አይደለም ያስተኛት።

እትዬ አልጋነሽ፦ ታዲያ ማን ነው?

ትርሲት፦ ቀን ለምን እንደማትተኛ ያውቃሉ?

እትዬ አልጋነሽ፦ እልኸኛ ናታ! ዕድሜዋ አራት፣ እልኋ የአርባ ዓመት ሴት።

ትርሲት፦ እልህ አይደለም። ትናንት በዚያች በተሰባበረች የሉጋንዳ ቋንቋዬ ጠየቅኳት። «ስተኛ ሰው ይጠፋል» አለችኝ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ምን አለች?

ትርሲት፦ ስም እየጠራች ነገረችኝ። ጀርመናዊውን፣ ከእሱ በፊት ጊታር የምትመታዋን ልጅ። ተኝታ ስትነቃ የሉም። ካልተኛች ማንም የማይሄድ መስሏት ነው ዓይኗን የምታፈጥጠው። እንዳንሄድ እየጠበቀችን ነው እትዬ።

እትዬ አልጋነሽ፦ እኔ ደግሞ ስንቴ ተቆጣኋት! «ጨፍኚ» እያልኩ...

ትርሲት፦ ዛሬም አልተኛም ብላ ነበር። እርስዎ ደግሞ «አስተኚያትና ውጪ» አሉኝ።

እትዬ አልጋነሽ፦ እና በምን አስተኛሻት?

ትርሲት፦ «ተኚ፤ ስትነቂ እዚሁ ነኝ» አልኳት።

እትዬ አልጋነሽ፦ ትርሲት!

ትርሲት፦ አመነችኝ። ወዲያው ነው የተኛችው፤ አፏን ከፍታ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ታዲያ ቅሪያ!

ትርሲት፦ ቪዛዬ ነገ ያበቃል፣ ያውቁታል። መቅረት አልችልም። እንዲሁ ጥያት ከወጣሁ ግን ከእንግዲህ ማንንም አምና አትተኛም።

እትዬ አልጋነሽ፦ ብትቀሰቅሻት ቤቱን በጩኸት ታናጋዋለች። አንገትሽ ላይ ነው የምትጠመጠመው።

ትርሲት፦ ትጠምጠም። ስሄድ በዓይኗ ትየኝ። እጇን የማላቅቀው እኔው ነኝ፤ እርስዎ እንዳይነኳት። እርስዎ አብረዋት የሚቀሩ ሰው ነዎት።

እትዬ አልጋነሽ፦ ...ያ ታክሲ ጡሩምባውን አቀለጠው።

ትርሲት፦ እትዬ፣ በእናትዎ።

እትዬ አልጋነሽ፦ ሹፌሩን እኔ አቆየዋለሁ። ግቢ ቀስቅሻት። «እመለሳለሁ» የምትለዋን ቃል ግን እዚሁ ለእኔ ትተሽልኝ ግቢ።